የአነስተኛ ትራክተር ተቀጽላ መሣሪያ አመራረጥ፦ ለዳባት፣ ለደባርቅና ለአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች አርሶ አደሮች

ከጎንደር ከተማ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባቸው የዳባትና የደባርቅ ወረዳዎች ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚመረትባቸው ደጋማ አካባቢዎች ናቸው። በአካባቢው የአንድ ቤተሰብ የእርሻ ይዞታ አነስተኛ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም በተለያየ ቦታ የተበታተነ፣ በከፊል ተዳፋታማና ድንጋያማ ነው። ለሰፋፊ ሜዳ የተሠሩ ትላልቅ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ወደ እንዲህ ያለው ማሳ ለመግባት ይቸገራሉ። በዚህም ምክንያት በእጅ የሚመራው ባለሁለት ጎማ ትራክተር እና አነስተኛው ባለአራት ጎማ ትራክተር ለደጋው አርሶ አደር አማራጭ ሆነው ይቀርባሉ።

ይሁን እንጂ ትራክተር በራሱ የጉልበት ምንጭ እንጂ የሥራ መሣሪያ አይደለም። የሚያርሰው፣ የሚያጭደው፣ የሚወቃውና የሚያጓጉዘው በትራክተሩ ላይ የሚገጠመው ተቀጽላ ነው። ስለሆነም ትክክለኛው የምርጫ ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ መሬቱን፣ ከዚያም ተቀጽላውን መለየት፣ በመጨረሻም ተቀጽላውን ሊያንቀሳቅስ የሚችለውን ትራክተር መምረጥ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ አርሶ አደሩ በብድር የገዛው መሣሪያ ያለ ሥራ ሊቆም፣ ከዚያም አልፎ አፈርን ሊያስጠርግና የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውን ሥራ መለየት

ትራክተር ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ማረስ ነው። በደጋው ግን እጅግ አስጨናቂው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የአዝመራ ወቅት ነው። ሰብሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የሰው ጉልበት ይወደዳል፤ ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብና በረዶ የደረሰውን ሰብል ያበላሻል። የታጨደው ሰብል ተከምሮ አውድማ ላይ በበሬ እስኪወቃ ድረስም በመርገፍ፣ በአይጥና በእርጥበት ይባክናል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ምርቱ ወይም ጊዜው ይበልጥ የባከነበት በእርሻ፣ በአጨዳ፣ በውቂያ ወይስ በማጓጓዝ እንደሆነ ከቤተሰቡ ጋር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ተዳፋትንና አፈርን መለካት

ተዳፋትን ለመለካት ለእርከን ሥራ የሚያገለግለው የውሃ ልክና የ10 ሜትር ገመድ በቂ ነው። ገመዱ በውሃ ልኩ መሠረት አግድም ሲወጠር በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 15 በመቶ ነው። በአጠቃላይ ተዳፋቱ ከ15 በመቶ ሲበልጥ ትራክተር ተዳፋቱን አቋርጦ ሲሠራ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ሽቅብና ቁልቁል ማረስ ደግሞ ለጎርፍ መንገድ ስለሚከፍት መፍትሔ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ላለው ማሳ በበሬ ማረሱን መቀጠልና የትራክተሩን ጉልበት ለሌላ ሥራ ማዋል የተሻለ ነው።

የአፈሩ ዓይነትም ሊታይ ይገባል። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጣበቃል፤ ትራክተሩንም ያሰምጣል። ድንጋያማ አፈር ደግሞ የማረሻውን ጫፍና የመከስከሻውን ምላጭ በፍጥነት ይጨርሳል።

ከፍታ በሞተር ጉልበት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የዳባት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ፣ የደባርቅ ከተማ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር አየር ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ያህል አየር አያገኝም። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በመግለጫው ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር በደባርቅ የሚሰጠው ወደ 11 የፈረስ ጉልበት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆላ ላይ በሙከራ ሲታይ በቂ የመሰለው ሞተር ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚቸገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ተቀጽላ ሲመረጥ የሚያስፈልገው ጉልበት መነጻጸር ያለበት ከዚህ ከተቀነሰው መጠን ጋር ነው።

ዋና ዋና ተቀጽላዎችና የሚስማሙበት ሁኔታ

ማረሻ፦ ለሜዳማና ድንጋይ ለማይበዛበት ማሳ ይስማማል። ዲስክ ማረሻ በድንጋይ ላይ ተንከባልሎ የማለፍ ጠባይ ስላለው ለድንጋያማ መሬት ከገልባጭ ማረሻ ይሻላል፤ ሆኖም አፈሩን ሰርስሮ ለመግባት የራሱ ክብደት ስለሚያስፈልገው ለቀላል ትራክተር ይከብዳል። አፈርን የሚያደቀው ተሽከርካሪ መከስከሻ ለአትክልትና ለድንች ማሳ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በተዳፋት ላይ የደቀቀው አፈር በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሊጠረግ ይችላል።

ማጨጃ፦ በትራክተሩ ፊት ለፊት የሚገጠመው ማጨጃ ገብስና ስንዴን ቆርጦ በአንድ ወገን ያስተኛል። ገለባውን ሳይፈጭ ስለሚተው ለከብት መኖ አይባክንም። 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በስሌት 0.3 ሄክታር ያጭዳል፤ የመዞሪያና የማረፊያ ጊዜ ሲቀነስ 0.2 ሄክታር ያህል ይሆናል። ይህም አንድ ሄክታር በ5 ሰዓት ያህል ይታጨዳል ማለት ነው። በመሆኑም መሣሪያው ለአንድ ቤተሰብ ማሳ ብቻ ከዋለ በዓመት ከአንድ ቀን ብዙም የማይበልጥ ሥራ ይኖረዋል።

መውቂያ፦ በአንድ ቦታ ቆሞ ስለሚሠራ የማሳው ተዳፋት አያግደውም። ማሳቸው ገደላማ ለሆነና ትራክተር ለማይገባላቸው አርሶ አደሮችም ያገለግላል። በዚህም ምክንያት በስሜን ተራሮች ግርጌ ላሉ ቀበሌዎች በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ተቀጽላ ነው። ነገር ግን ገብሱ ለብቅል የሚቀርብ ከሆነ የከበሮው ፍጥነት ሊስተካከል የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በፍጥነት የሚሽከረከር ከበሮ ፍሬውን ይሰብራል፤ የተሰበረ ፍሬ ደግሞ ስለማይበቅል ለብቅል አይሆንም።

ተጎታች ጋሪ፦ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የማያጣ ተቀጽላ ነው። ማዳበሪያ፣ ምርት፣ ውሃና ገለባ ያጓጉዛል። በቁልቁለት ግን ትራክተሩ ብቻ ጭነቱን ሊይዘው ስለማይችል የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ለዚህ አካባቢ አይመከርም።

የመገጣጠሚያው ልክ

ተቀጽላና ትራክተር በተለያየ ጊዜ ሲገዙ የሚያጋጥመው ችግር አለመገጣጠም ነው። በአነስተኛ ባለአራት ጎማ ትራክተሮች ላይ የተለመደው የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና ስድስት ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ተቀጽላው የሚፈልገው ዙር ከዚህ ጋር እኩል መሆኑ መታየት አለበት። ባለሁለት ጎማ ትራክተር ጉልበቱን ብዙውን ጊዜ በቺንጋ ስለሚያስተላልፍ የቺንጋው ስፋትና የሁለቱ ፑሊዎች መጠን መመዛዘን ይኖርባቸዋል። በግዥ ወቅት ተቀጽላው በሚገዛው ትራክተር ላይ ተገጥሞ፣ ሥራ ላይ ሆኖ መታየት ይገባዋል።

የሕይወት ጉዳይ የሆኑ ጥንቃቄዎች

በደጋው ብርድ ጋቢ ወይም ነጠላ መልበስ የተለመደ ነው። ሆኖም በሚሽከረከር ዘንግ ወይም ቺንጋ አጠገብ የሚንዘረፈፍ ልብስ እጅግ አደገኛ ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በአንድ ሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይጠመጥማል፤ የተያዘ ልብስን ለማስለቀቅ ጊዜ የለም። ስለዚህ የዘንጉና የቺንጋው መሸፈኛ የሌለውን ተቀጽላ መግዛት አይገባም፤ ሲሠሩም ጋቢና ነጠላን አውልቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመውቂያ አፍ ውስጥ እጅን አስገብቶ ነዶ መግፋት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ሕፃናትም ከአካባቢው መራቅ ይኖርባቸዋል።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት ጉዳይ የባለሁለት ጎማ ትራክተር የቁልቁለት አነዳድ ነው። በሜዳ ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙ የመሪ ፍሪሲዮን ይያዛል። በቁልቁለት ግን ጭነቱ ትራክተሩን ከኋላ ስለሚገፋው የተለቀቀው ጎማ ይፈጥናል፤ ትራክተሩም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይታጠፋል። ይህን የማያውቅ ነጂ ከገደል ለመራቅ ሲሞክር ወደ ገደሉ ሊገባ ይችላል። በመሆኑም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሪሲዮኑን አለመንካትና በእጀታው ብቻ መምራት ይገባል። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ጭኖ ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

በጋራ መግዛትና አገልግሎት መስጠት

በባንግላዴሽ አብዛኛው የእርሻ መሬት በባለሁለት ጎማ ትራክተር የሚታረሰው እያንዳንዱ ገበሬ ትራክተር ስላለው ሳይሆን፣ ባለንብረቶቹ ለጎረቤቶቻቸው በክፍያ አገልግሎት ስለሚሰጡ ነው። በዳባትና በደባርቅም ከላይ በማጨጃው ስሌት እንደታየው መሣሪያው ወጪውን የሚመልሰው ብዙ ማሳዎችን ሲያገለግል ነው። ለዚህም በኅብረት ሥራ ማኅበር መግዛት ወይም በተደራጁ ወጣቶች አገልግሎት መስጠት ተመራጭ ነው።

መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የግብርና መካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ፣ እንዲሁም በአማራ ክልል እንደ ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ያሉ ተቋማት በሊዝ መሣሪያ ማቅረባቸው ለዚህ አጋዥ ነው። ሆኖም ውል ከመፈረሙ በፊት የመለዋወጫ ዕቃ በጎንደር ወይም በአቅራቢያ መገኘቱን፣ የጥገና ባለሙያ መኖሩንና ሥልጠናው በውሉ ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አርሶ አደሮች የማሳቸውን ተዳፋት ለመለካትና የሚስማማቸውን ተቀጽላ ለመለየት የቀበሌያቸውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ይችላሉ። ይህ መደረግ ያለበት ከአቅራቢው ጋር ስለ ዋጋ መነጋገር ከመጀመሩ በፊት ነው።