አሳታሚ ማለት ምን ማለት ነው? የ«ፔንግዊን» ታሪክ

ውድ ተማሪዎች፣ እስቲ ከመደርደሪያችሁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አውርዱና ጎናቸውን እዩ። በብርቱካንማ ሞላላ ቅርጽ ውስጥ የቆመች ጥቁርና ነጭ ወፍ አገኛችሁ? እሷ ፔንግዊን ናት፤ የአሳታሚው ምልክት ናት።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። «አተመ» ማለት በወረቀት ላይ ቀለም አሳረፈ ማለት ነው፤ ይህ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። «አሳተመ» ግን ሌላው እንዲያትም አደረገ ማለት ነው፤ ልክ «አጠበ» እና «አሳጠበ» እንደምንለው። አሳታሚ ጽሑፉን ይመርጣል፣ ለደራሲው ይከፍላል፣ ያሳርማል፣ ሽፋኑን ያሠራል፣ ያሳትማል፣ ለመደብሮች ያከፋፍላል። መጽሐፉ ካልተሸጠ ኪሳራው የእሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔንግዊን እንዴት ተጀመረ?

በ1935 አለን ሌን የተባለ እንግሊዛዊ ጥሩ መጽሐፍ በርካሽ ዋጋ ለሁሉም ሰው ይድረስ ብሎ ተነሣ። ስስ ሽፋን ያላቸው አሥር መጻሕፍት እያንዳንዳቸውን በስድስት ፔኒ አወጣ። ብዙዎች ይከስራል ብለው ነበር። ነገር ግን ዉልዎርዝ የተባለው የሱቆች ድርጅት 63,500 ቅጂ አዘዘና ሥራው ቆመ። ምልክቷን ለመሳል ኤድዋርድ ያንግ የተባለ ወጣት ሠራተኛ ለንደን መካነ እንስሳት ድረስ ሄዶ ፔንግዊኖቹን እያየ ነው የነደፈው። በ1940 ደግሞ ለልጆች «ፓፊን» ተጨመረ።

በአሜሪካም በ1925 ቤኔት ሰርፍና ዶናልድ ክሎፕፈር የመጽሐፍ ሥራ ጀመሩ። በ1927 ድርጅታቸውን «ራንደም ሃውስ» አሉት። «ራንደም» ማለት እንዳጋጠመ ማለት ነው፤ ደስ ያለንን እናሳትማለን ለማለት ነው። ሁለቱ ድርጅቶች በ2013 ተዋሐዱና «ፔንግዊን ራንደም ሃውስ» ሆኑ። ከ2020 ጀምሮ ሙሉ ባለቤቱ በርተልስማን የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል?

አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። በግቢው ውስጥ ብዙ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስም፣ የራሱ ምልክትና የራሱ አርታዒዎች አሉት። እነዚህ ቤቶች «ኢምፕሪንት» ይባላሉ፤ በዚህ ድርጅት ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። መጋዘኑና ሒሳብ ክፍሉ ግን የጋራ ነው።

አንድ የእኛ ምሳሌ እንይ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ፣ በዋሽንግተን ትንሽ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ2007 ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ያሳተመው ሪቨርሄድ፣ እንግሊዝ ውስጥ ያሳተመው ደግሞ ጆናታን ኬፕ ነበር፤ ርእሱም በሁለቱ አገሮች የተለያየ ነው። ያኔ ሪቨርሄድ የፔንግዊን፣ ጆናታን ኬፕ የራንደም ሃውስ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ግቢ ናቸው።

ታዲያ ይህ ምን ችግር አለው?

ሁለት አሳታሚዎች አንድን ጽሑፍ ሲፈልጉ ይጫረታሉ፤ ደራሲውም የተሻለ ክፍያ ያገኛል። ገዢው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። አንዱ አርታዒ አልፈልግም ያለውን ሌላው ሊወደው ይችላል፤ በር ሲያንስ ዕድልም ያንሳል።

በ2020 ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ተፎካካሪውን ሳይመን ኤንድ ሹስተርን ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛ ተስማማ። ቤቶቻችን እርስ በርስ መጫረታቸውን ይቀጥላሉ ሲልም ቃል ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ከሰሰ። ዝነኛው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ሳይቀር የራሱ አሳታሚ እንዳይሸጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ዳኛዋ በጥቅምት 2022 መጨረሻ ግዢውን ከለከሉ።

ልጆች፣ መጽሐፍ ስትመርጡ ከደራሲው ስም ጋር የአሳታሚውንም ስም አንብቡ። ያንን ታሪክ እናንተ ጋ እንዲደርስ የመረጠው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የቤት ሥራ (ከወላጆች ጋር)
1. ከቤታችሁ አምስት መጻሕፍት አውጡና የአሳታሚዎቻቸውን ስም በአማርኛ ፊደል ጻፉ።
2. ከአማርኛ መጽሐፍ ላይ አሳታሚውንና ማተሚያ ቤቱን ፈልጉ። አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?
3. «አጨደ» እና «አሳጨደ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

አዲስ ቃላት
አርታዒ፦ ጽሑፍ መርጦ የሚያርም ሰው
ተጫረተ፦ ለአንድ ነገር ከሌሎች ጋር ዋጋ አቀረበ
ተዋሐደ፦ አንድ ሆነ