በረዶ አይቀብርም

ሰው ከዓይነ ምድሩ የሚገላገልበት ብልሃት ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ከሰፈር ይርቃል፣ ይቆፍራል፣ አፈር ይመልሳል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ለዘመተ ሠራዊት ያዘዘው ይህንኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ “ሜዳ መውጣት ይቅር፣ ጉድጓድ ይቆፈር” ሲሉም የሚመኩት በዚያው በአፈር ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን የተጣለባቸውን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ጊዜ ሲያልፍ የሚቀረው አፈር ብቻ ይሆናል።

በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ ግን አፈር የለም። የሚቆፈረው በረዶ ነው። ብርዱም ያበሰብሱ የነበሩትን ተሕዋስያን ሥራ ያስፈታቸዋል። እዚያ የተቀበረ ነገር ለዓመታት እንደተቀበረ ይቆያል፤ በረዶው የቀለጠ ቀን ደግሞ እንዳለ ይወጣል። ተራራ ወጪዎች ዓይነ ምድራቸውን ይዘው ይውረዱ ወይስ እዚያው ይተዉት የሚለው ክርክር አሥርት ዓመታት የፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ በደንብ የተጠናው በአላስካ በሚገኘው በዴናሊ ተራራ ነው። ዴናሊ 6,190 ሜትር ከፍታ ያለው የሰሜን አሜሪካ ረጅሙ ተራራ ሲሆን፣ ወጪዎቹ ከታልኪትና መንደር በትንሽ አውሮፕላን ተነሥተው ካሂልትና በተባለው የበረዶ ግግር ላይ ያርፋሉ። ደርሶ መልሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ለረጅም ዘመን ልማዱ ዓይነ ምድርን በፕላስቲክ ከረጢት አጠራቅሞ ጥልቅ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ መወርወር ነበር። ስንጥቁ ጨለማ ነው፤ መጨረሻው አይታይም። እዚያ የገባ ነገር ዳግመኛ የሚመለስ አይመስልም።

ግን ይመለሳል። የበረዶ ግግር እንደ ወንዝ የሚፈስ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ዝግታው ብቻ ነው። ላይ የተጣለውን ተሸክሞ ቁልቁል ይጓዛል፤ ታች ሞቅ ያለ ቦታ ሲደርስ ይቀልጥና የያዘውን ይተፋል። የግግር በረዶ ተመራማሪው ማይክል ሎሶ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ በዓይነ ምድር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በበረዶ ተቀብረውም በሕይወት እንደሚቆዩ አሳይተዋል። በእርሳቸው ስሌት እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2012 ድረስ 36 ሺህ ያህል ወጪዎች ከ69 እስከ 97 ቶን የሚደርስ ዓይነ ምድር በዚያ ግግር ላይ ትተዋል። ይህ ሁሉ ዛሬም በጉዞ ላይ ነው።

ሮጀር ሮቢንሰን የተባሉ የፓርኩ ጠባቂ መፍትሔ ያሉትን ነገር ሠሩ፤ ክዳኑ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ፣ ከጀርባ ሸክም ጋር የሚታሰር ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ። ከፍታ ሲለዋወጥ በውስጡ የታመቀው አየር ክዳኑን እንዳይፈነቅለው መተንፈሻ ተበጅቶለታል። ሽንት አይገባበትም፤ ክብደት ይጨምራልና። ባልዲው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተራራው ላይ ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ደንቡ ጠበቀ፤ 4,330 ሜትር ላይ ካለው ካምፕ በታች የሚወጣውን ዓይነ ምድር ሁሉ ከተራራው ይዞ መውረድ ግዴታ ሆነ። ስንጥቅ ውስጥ መጣል የተፈቀደው በዚያ ካምፕ ባለ አንድ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው።

ወደ ኤቨረስት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ጫፉን ከረገጡ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከትለዋቸዋል። ወጪዎች በሚነሡበት ዋናው ሰፈር ላይ ችግሩ የተያዘ ይመስላል፤ በድንኳን ውስጥ የተተከሉ በርሜሎች አሉ፣ ሲሞሉ ተሸካሚዎች ያወርዷቸዋል። ያ በርሜል ለዓመታት ይደፋ የነበረው ግን ጎራክ ሼፕ በተባለችው የመጨረሻዋ መንደር አካባቢ በተቆፈረ ክፍት ጉድጓድ ነው። የተራራው ጎብኚ ዓይኑ ሥር ያለው ነገር ስለተነሣለት ደስ ይለዋል፤ ከታች ያሉት ሰዎች ግን የሚጠጡት የዚያኑ አካባቢ ውሃ ነው።

ከዋናው ሰፈር በላይ በርሜልም የለም። የሳጋርማታ (የኤቨረስት የኔፓል ስሙ ነው) ብክለት ቁጥጥር ኮሚቴ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ካምፕ ድረስ ሦስት ቶን የሚሆን ዓይነ ምድር እንዳለ ገምቷል፤ ግማሹ 7,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በአራተኛው ካምፕ ነው። እዚያ ነፋሱ አዲሱን በረዶ ጠርጎ ስለሚወስደው የድሮው ሁሉ ተገልጦ ይታያል። የሚጠጣ ውሃም ሌላ ምንጭ የለውም፤ ከድንኳኑ ደጃፍ በረዶ ተዝቆ፣ በምድጃ ቀልጦ ነው የሚገኘው። በዚያ ከፍታ ተቅማጥ የያዘው ሰው በሕይወቱ ነው የሚጫወተው።

ተራራውን የሚያስተዳድረው የኩምቡ ፓሳንግ ላሙ ገጠር አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ደንብ ያወጣው ይህን አይቶ ነው። ማንኛውም ወጪ ከዋናው ሰፈር ከረጢት ገዝቶ ይወጣል፤ ሲመለስ የተጠቀመበት ከረጢት ይታያል። ከረጢቱ ውስጥ ዱቄት አለ፤ ዱቄቱ እርጥበቱን መጥጦ ወደ ረጋ ነገር ይለውጠዋል፣ ሽታውንም ያፍናል። አንዱ ከረጢት አምስት ስድስት ጊዜ ያገለግላል። ሰው በአማካይ በቀን ሩብ ኪሎ ያህል ይወጣዋል፤ በላይኞቹ ካምፖች ለሚያሳልፋቸው ሁለት ሳምንታት ብናባዛው ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል።

በ8,000 ሜትር አጠገብ፣ ጣት በብርድ በደነዘዘበት፣ ወፍራሙን ልብስ ፈትቶ ከረጢት ላይ መቀመጥ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ነገር ግን ሦስት ኪሎ ተኩል የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ድንኳንና የምግብ ስንቅ ከወጣበት ተራራ ላይ ለማውረድ የማይቻል ሸክም አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጥያቄ ነው፤ ማን ይሸከመው? ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2014 እያንዳንዱ ወጪ ከራሱ ቆሻሻ ሌላ ስምንት ኪሎ እንዲያወርድ ስታዝዝ፣ 4,000 ዶላር ማስያዣ የሚያስይዘው ቡድን ነበር፤ ሸክሙ ያረፈው ግን በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጅ በሆኑት በሼርፓ ሠራተኞች ጀርባ ላይ ነው። ለሼርፓዎች ይህ ተራራ ሚዮላንግሳንግማ የተባለች አምላክ የምትኖርበት ቅዱስ ስፍራ ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት ጸሎት ያደርሳሉ። ለመውጫ ፈቃድ ብቻ 15 ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው፣ የገዛ ከረጢቱን ይህን ስፍራ ለሚያከብር ሠራተኛ አስረክቦ መውረድ የለበትም። ደንቡ የተጠቃሚውን ጀርባ ካልነካ ቆሻሻው የሚለውጠው ቦታውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው።

በሲያትልና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን በጠራ ቀን ከመስኮታችሁ የምታዩት የሬኒየር ተራራም ይኸው ደንብ አለው። 4,392 ሜትር ነው፤ ግግሩም ወንዞቹን ይመግባል። ከልጆቻችሁ ጋር ወደ በረዶው ከፍ ብላችሁ የምትወጡ ከሆነ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጣቢያ ሰማያዊውን ከረጢት ጠይቁ፤ በነፃ ነው የሚሰጡት። ስትመለሱም ለእርሱ በተዘጋጀው በርሜል ውስጥ በራሳችሁ እጅ ጣሉት።