የአንጎል ኤሌክትሪክ ሕክምና አገልግሎት እንዴት ይደራጃል?

የአንጎል ኤሌክትሪክ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ በኡጎ ቼርሌቲና በሉቾ ቢኒ ተጀመረ። ዛሬም መድኃኒት ላልበገረው ከባድ ድባቴ፣ በሽተኛው ምግብና ውሃ እምቢ ሲል፣ ራሱን የማጥፋት አደጋ ሲያንዣብብበት ወይም ሰውነቱ ደርቆ መናገር ሲሳነው ሕይወት ያድናል።

አገልግሎቱ ከማሽን በፊት ሰው ይፈልጋል፤ የሠለጠነ የአእምሮ ሐኪም፣ የሰመመን ባለሙያና ነርሶች ያስፈልጉታል። መጠበቂያ፣ መታከሚያና ማገገሚያ ክፍሎች ይለያሉ፤ ኦክስጅን ከአጠገብ አይጠፋም። ስለዚህ እንደ የካ ኮተቤ ያለ፣ የአእምሮ ሕክምናን ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር የሚሰጥ ጠቅላላ ሆስፒታል ተስማሚ ቦታ ነው።

ታካሚው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ስለ ሕክምናው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት የስምምነት ፊርማውን ያኖራል። በማለዳ የሚመጣ ታካሚ ለስድስት ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ፣ አጃቢ ይዞ ይደርሳል። በሰመመን ከተኛ በኋላ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጠብቃል፤ ጡንቻ የሚያፍታታው መድኃኒት ወደዚያ እግር ስለማይደርስ፣ ኤሌክትሪኩ ሲሰጥ ነርሷ የሚቀሰቀሰውን የእግሩን መንቀጥቀጥ እያየች ሰከንዱን ትቆጥራለች። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሕክምናው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ባብዛኛው ከ6 እስከ 12 ዙር ይሰጣል። ራስ ምታትና የመርሳት ችግር ሊከተሉ ስለሚችሉ የማስታወስ ችሎታ በየጊዜው ይመዘናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ሰመመን እንዳይሰጥ ያሳስባል። ዙሮቹ ሲያልቁ በሽታው እንዳያገረሽ መድኃኒትና ክትትል ይቀጥላሉ።