መብራት ሲጠፋ ሶኬት አትፍቱ

ነገሌ ቦረናም ሆነ ያቤሎና ሞያሌ፣ ብዙ ሰው የተበላሸ ሶኬት ለመቀየር የሚነሳው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። አደገኛው ሰዓት ግን እሱ ነው፤ መብራት ሲመጣ ማንንም አያስጠነቅቅም። መብራት እያለ ሥሩ፦ ቴስተሩን በደህና ሶኬት ሞክሩ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ከዚያ የምትፈቱትን ፈትሹ። ሶላር ወይም ጄኔሬተር ካለ እሱም ይጥፋ። በሽቦ ቀለም አትፍረዱ፤ በየቤቱ በተገኘው ቀለም የተዘረጋ አለ።

ምጣድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሽቦ ላይ አይሰካም። ብሬከሩ እየደጋገመ ከወረደ በትልቅ መቀየር ሽቦውን ማቃጠል ነው።

በእኛ ቆላ ደግሞ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ግራውንዱ ይደክማል፤ ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ፍሪጅ ወይም ምጣድ ከነዘራችሁ ሶኬት መቀየር አያድንም። ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከቆጣሪው እስከ ምሰሶው ያለውን ግን ማንም አይንካ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ 905 ደውሉ።