የቁልፍ ሰሌዳ ምርጫ፦ ከጣት ሥር ያለው ፊዚክስ

ኮምፒውተር ሲገዛ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ነው፤ ስለ ቁልፍ ሰሌዳው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ በአርባ ምንጭ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ማመልከቻ የሚጽፍ ወጣት ቀኑን ሙሉ የሚገናኘው ከዚሁ ሰሌዳ ጋር ነው። በሌላው ዓለም የቁልፍ ሰሌዳን በራስ ምርጫ መገጣጠም፣ በየቁልፉ ሥር ያሉትን ማብሪያዎች ወይም ስዊቾች መሰብሰብና ማወዳደር ራሱን የቻለ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የስዊችን አሠራር በፊዚክስ ዓይን ከመረመርን በኋላ በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የሚበጀውን እንመለከታለን።

አንድ ፊደል በስንት ምት?

መሠረታዊው ፊደላችን 33 ሆሄያት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ቅርጾች አሉት። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ግን ከሃምሳ አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ይህን ችግር በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተጋፈጡት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔያቸው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ የሆሄው አካል በአንድ ምት፣ የድምፁ ምልክት ደግሞ በሌላ ምት ይታተማል። ዛሬም በኮምፒውተር የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ዘዴዎች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። ሳድሱ በአንድ ምት ይጻፋል፤ ሌሎቹ አናባቢ ይጨመርባቸዋል። ለምሳሌ «ላንቴ» ብለን ስንጽፍ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ን» አንድ፣ ለ«ቴ» ሁለት፣ በድምሩ አምስት ምት እናወጣለን፤ በአንዳንዱ ዘዴ ለኃምሱ ሺፍት ይጨመራል። ሦስት ፊደል አምስት ምት ከጠየቀ፣ የስዊቹ ጠባይ ለእኛ ይበልጥ ያሳስበናል ማለት ነው።

ሞላውና የሁክ ሕግ

በርካሹ ሰሌዳ ውስጥ ከየቁልፉ ሥር ያለው የላስቲክ ጉልላት ነው። ጉልላቱ እስኪደረመስና ወለሉን እስኪነካ ድረስ ፊደል አይጻፍም። በሜካኒካል ስዊች ግን የብረት ሞላና የብረት መገናኛ አሉ። ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው ኤም ኤክስ የተባለ ስዊች የብዙዎቹ ሞዴል ነው። ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚጻፈው ግን በግማሽ መንገድ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እንደ ሁክ ሕግ፣ የሞላ ኃይል ከተጨመቀበት ርቀት ጋር በቀጥታ ያድጋል። «ቀይ» የሚባለው ስዊች መነሻው 30 ሳንቲ ኒውተን፣ መጻፊያው 45፣ መጨረሻው 60 ያህል ነው። በየሚሊ ሜትሩ 7.5 ሳንቲ ኒውተን ይጨምራል፤ ይህም በሜትር 75 ኒውተን ነው። እንዲህ ያለ ስዊች ከላይ እስከ ታች ወጥ ነው። «ቡናማው» በመሐል ትንሽ ጉብታ ስላለው ጣት ፊደሉ መጻፉን ያውቃል። «ሰማያዊው» ደግሞ ጉብታውን በቀጭታ ድምፅ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአይ ቢ ኤም ሞዴል ኤም ሰሌዳ ሌላ ብልሃት ነበረው፤ ሞላው ሲጨመቅ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። የዚህ ዓይነቱን መታጠፍ ሒሳብ የሠራው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው።

ጣት ለምን ይደክማል?

እስቲ እናስላ። ቀዩን ስዊች እስከ ታች ስንጫን አማካዩ ኃይል 45 ሳንቲ ኒውተን፣ ርቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሥራው 1.8 ሚሊ ጁል ይሆናል። አንድ ሺህ ፊደል ያለው ገጽ 1,500 ምት ቢጠይቅ ጠቅላላው ሥራ 2.7 ጁል ብቻ ነው። በላንቴ የሙዝ ማሳ ዳር 20 ኪሎ ሙዝ አንድ ሜትር ወደ ላይ አንሥቶ መኪና ላይ የሚጭን ገበሬ ግን በአንድ ጊዜ 196 ጁል ይሠራል። ይህ ከሰባ ገጽ በላይ የመጻፍ ሥራ ነው!

እንግዲያው ድካሙ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ትንንሽ ጡንቻዎች ያንኑ እንቅስቃሴ ሳያቋርጡ ይደጋግማሉ፤ አንጓም ተወጥሮ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ጣት ከጠንካራው ወለል ጋር ይጋጫል። በፍጥነት የወረደ ጣት በቅጽበት ሲቆም፣ የመቆሚያው ጊዜ ባጠረ መጠን ኃይሉ ይበረታል። በላስቲኩ ሰሌዳ ወለል መንካት ግዴታ ነው። በሜካኒካሉ ግን ጉብታውን የለመደ ጣት በመሐል መመለስ ይችላል። የሜካኒካል ስዊች አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው።

ከብረቱ እስከ ስክሪኑ

ሁለት ብረቶች ሲገናኙ ወዲያው አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። የሰሌዳው መቆጣጠሪያ ይህን ጊዜ ካልታገሠ አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። አቧራና ዝገት መገናኛውን ሲያበላሹም ፊደል ይደገማል ወይም ይዘለላል። ከዚህም ሌላ፣ ለየቁልፉ የተለየ ሽቦ እንዳያስፈልግ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ይያያዛሉ። 6 ረድፍና 18 ዓምድ በ24 መስመር ብቻ 108 ቁልፍ ይሸከማሉ። ነገር ግን የአራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች አብረው ቢጫኑ አራተኛውም የተጫነ ይመስላል። ይህን የሚከላከለው በየቁልፉ የሚገባው ዳዮድ ነው።

ምን እንምረጥ?

ከሁሉ አስቀድሞ የአጻጻፍ ዘዴውን እንምረጥ፤ ውድ ሰሌዳ የምቱን ብዛት አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ስላገኘ በማንኛውም ሰሌዳ መጻፍ ይቻላል። የአርባ ምንጭ ተማሪ ጋሞኛንም ሆነ አማርኛን ሲጽፍ ሰሌዳው ያው ነው። ቀጥሎ፣ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ቀላልና ጉብታ ያለው ስዊች እንመክራለን። ቀጭታው ለቤተ መጻሕፍት አይሆንም። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ከሆነ፣ አንዱ ሲበላሽ ሰሌዳውን መጣል አይኖርብንም። ዋጋው ከአቅም በላይ የሆነበት ተማሪ የላስቲኩን ሰሌዳ ንጹሕ አድርጎ ይያዝ፤ በየመሐሉም እጁን ያሳርፍ።

መሰብሰብ የሚሻ ደግሞ በአገራችን ከውጭ ስዊች የሚበልጥ ሀብት አለው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያገለገሉት የአማርኛ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናዎች። ፊደላችን እንዴት ተከፍሎ በቁልፍ ላይ እንደ ተደለደለ በአካል የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ለቁራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት ቢያንስ የቁልፋቸውን አቀማመጥ መዝግበን ፎቶ ማንሣት ይገባናል።

በመጨረሻ አንድ ሙከራ እንተው። በአንድ ቁልፍ ላይ ቀላል የፕላስቲክ ስኒ አስቀምጡ፤ ፊደሉ በስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ በሲሪንጅ ውኃ ጨምሩ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነው፤ የአንድ ግራም ክብደትም 0.98 ሳንቲ ኒውተን ያህል ነው። የስኒውን ክብደት ደምሩና የሰሌዳችሁን ኃይል አስሉ። ከዚያም በሌላ ሰሌዳ ደግማችሁ ውጤቱን አወዳድሩ።