የተለገሰ ኩላሊት፣ የሚጠበቅ አደራ

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወደ ፍጻሜያቸው ሲቃረቡ በየቤታችን የሚታየው ሽር ጉድ የታወቀ ነው። ጠላው ይጠመቃል፤ የዶሮው ሽንኩርት ይከተፋል፤ በቀዳም ሥዑር ምእመናን የምሥራቹን ቄጤማ በራሳቸው ያስራሉ። አቅሙ የፈቀደለትም ከስቅለት ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምስ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ያከፍላል። በዛሬው የበዓል ዓምዳችን ከዚሁ ደስታ ጎን ለጎን አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም ከዘመድ በተለገሳቸው ኩላሊት የሚኖሩ ወገኖቻችን በጾሙም ሆነ በበዓሉ መድኃኒታቸውን እንዴት ሊጠብቁ ይገባል የሚለው ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆንልን ዘንድ በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እናቁም። የቤቱ ታላቅ ልጅ ኩላሊቶቿ ሥራቸውን አቁመው በእጥበት ስትረዳ ቆይታ ታናሽ ወንድሟ ከሁለቱ ኩላሊቶቹ አንዱን ሰጥቷታል። ዛሬ ፊቷ ወዝቷል፤ ወደ ቡና ንግዷም ተመልሳለች። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ እናቷ በደስታ ተሞልተው፣ «ልጄ፣ አሁንማ እግዚአብሔር ይመስገን ድነሻል፤ እንደ ድሮሽ ከእኛ ጋር ብታከፍዪስ?» ይሏታል። ጥያቄው ከፍቅርና ከእምነት የመነጨ ነው። መልሱ ግን የአንድ ኩላሊት ዕድሜ ሊወስን ይችላል።

ቀደም ባሉት ዓመታት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ ከመሻገር በቀር ምርጫ አልነበረውም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር በአገር ውስጥ ንቅለ ተከላ ጀመረ። ከጅማ፣ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ለሚነሣ ሕመምተኛ ከባሕር ማዶው ጉዞ ይልቅ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ እጅግ የቀለለ ነው። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ የሚለይ ዘብ አለው። ይህ ዘብ ተሕዋስያንን እንደሚያጠቃ ሁሉ ከሌላ ሰው የመጣውንም ኩላሊት እንደ ወራሪ ቆጥሮ ይዘምትበታል። እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ያከናወኑት የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሠመረው ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። ዘቡ ልዩነት አላገኘም። ዶክተር መሪም እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መንትያ ያልሆነ ወንድም የሰጠው ኩላሊት ግን ዘቡን የሚያረግብ መድኃኒት ይሻል። ይህም ኩላሊቱ እስካገለገለ ድረስ በየዕለቱ የሚወሰድ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ሦስት ናቸው፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን ጹኩባ አካባቢ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። የታክሮሊመስ ጠባዩ ጥብቅ ነው። በደም ውስጥ መጠኑ ሲያንስ ዘቡ ይነቃል፤ ሲበዛ ደግሞ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው በ12 ሰዓት ልዩነት ሊወስደው የሚገባው ስለዚህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የወሰደ፣ ማታ የ2 ሰዓቱ ዜና ሲጀምር ይወስዳል። ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ፣ አንዴ የለመዱትን ሥርዓት አለመለወጥ ይበጃል። የደም ምርመራ በሚደረግበት ጠዋት ግን መድኃኒቱ የሚወሰደው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው።

ታዲያ ስለ ጾሙ ምን እንበል? የጾም ምግብ በራሱ የሚከለክል ነገር የለውም፤ ሽሮውም ምስሩም ከመድኃኒቱ ጋር ይስማማል። ችግሩ ያለው መድኃኒቱን በማቋረጥና ውሃ በመከልከል ላይ ነው። በአክፍሎት ሁለት ቀን ያለ መድኃኒትና ያለ ውሃ የዋለ የተተከለ ኩላሊት በሁለት በኩል ይመታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ዘቡ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም። ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ በደሙ ውስጥ ክሬቲኒን የተባለው ቆሻሻ ሽቅብ ይወጣል። ፕሬድኒሶሎንንም በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ ልጆቿን አላስጨነቀችም። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል። ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው 18 ሰዓት መጾም እንደሚጠበቅበት የታወቀ ስለሆነ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳዩን አስቀድሞ ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ ቢያቀርብ መልካም ነው። ሐኪሙ ሰዓቱ በምን መልክ ሊስተካከል እንደሚችል ይነግረዋል፤ የንስሐ አባቱም ሥርዓቱን ያስረዱታል። በራስ ሥልጣን ግን አንዲት ፍሬ እንኳ መዝለል አይገባም።

የጸበሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጸበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ ማስተማራቸው ይታወሳል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርንና መድኃኒትን አለመናቅን ያስተምራል። ኩላሊት የተተከለለት ሰውም እምነቱን ሳይተው መድኃኒቱን አጥብቆ ሊይዝ ይችላል።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ዘቡ የረገበበት ሰውነት ለሌላው የማይከብደው ተሕዋስ ይከብደዋል። ስለሆነም ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለእንዲህ ያለው እንግዳ አይቀርቡም፤ በሚገባ የበሰለ ዶሮ ወጥና ጠንክሮ የተቀቀለ ዕንቁላል ይበቁታል። ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ እርጎ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፉ ይችላሉና ይቅሩበት። የመጠጥ ውሃው የፈላ ይሁን። የሚያስል ዘመድም ለዚያ ዓመት ሳይስም ቢቀር ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ከበዓሉ ማግሥት ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሲነሣ ጎረቤት የሚያቀብለውን ኪኒን መቀበልም አደገኛ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ያከማቻሉ፤ ግሬፕፍሩትም ይህንኑ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያሟጥጠዋል። የጨጓራ ማስታገሻ አንዳንዶቹ ማይኮፌኖሌት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድ። ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳ ልጅ የምታስብ ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትምከር።

በዓል ሲደርስ መድኃኒት ቤቶች ይዘጋሉ፤ መንገዱም ይጨናነቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከበዓሉ በፊት ተሟልቶ ይቀመጥ፤ ከነማሸጊያው፣ ከምድጃ ሙቀትና ከእርጥበት ርቆ። የአምራቹ ስም ወይም የኪኒኑ ዓይነት ተለውጦ ቢገኝ ሳይጠይቁ መዋጥ አይገባም። ሰዓቱ ያለፈበት ሰው ቶሎ ካስታወሰ ወዲያው ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አይዋጥ፤ ወደ ሕክምና ክትትሉ ደውሎ ይጠይቅ። ትውከትና ተቅማጥ ሲበረታም እንዲሁ።

በጅማ ዙሪያ ትኩሳት ሲመጣ «ወባ ነው» ብሎ በቤት መሰንበት የተለመደ ነው። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ግን 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ የሽንት ማነስ፣ የእግር ወይም የፊት እብጠት፣ ኩላሊቱ በተተከለበት በታችኛው ሆድ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ እነዚህ ሁሉ ለነገ የሚባሉ አይደሉም።

ወደዚያ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ቤት እንመለስ። እናትየው ይህን ቢሰሙ ልጃቸውን እንድታከፍል አይጠይቋትም፤ ይልቁንም የሰዓቷ ጠባቂ ይሆናሉ። በትንሣኤ ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጧፉን፣ ነጠላውንና የልጃቸውን ኪኒን አብረው ይይዛሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፤ እርስዋም ከቅጥሩ ጥግ ዞር ብላ በፈላ ውሃ ትወስዳለች። አጠገቧ የቆመው ወንድሟ የቀረችው ኩላሊት አንዲት ብቻ ናት። ሌላ የሚሰጣት የለውም። ያቺ ትንሽ ኪኒን እርሱ አንድ ጊዜ የሰጠውን በየዕለቱ ከእጁ እንደ አዲስ የመቀበያ መንገድ ናት።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ እያልን፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ አደራ የተሸከመ ሰው ካለ ከማዕዱ በፊት ሰዓቱን ታስታውሱት ዘንድ እናሳስባለን። መልካም በዓል።