አንድ ሰዓት፣ ብዙ ችሎት፦ የጤና መከታተያ ቴክኖሎጂ የፓተንት ክርክር ዳራ

ጤናን የሚከታተሉ የእጅ ሰዓቶች በገበያ ከተስፋፉ ወዲህ የሕክምና መሣሪያ አምራቾችን ከግዙፍ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ጋር ያፋጠጠው የፓተንት ክርክር፣ በአሜሪካ ከፍርድ ቤት አልፎ የፕሬዚዳንቱን አስተዳደር ውሳኔ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው በጊዜ የተገደበ መብት ሲሆን፣ በአሜሪካ ሕግ በመደበኛነት ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ20 ዓመት፣ ሌሎች ፈጠራውን ያለ ፈቃድ እንዳያመርቱ፣ እንዳይሸጡና ወደ አገር እንዳያስገቡ ለመከልከል ያስችላል፤ ባለመብቱም በምላሹ የፈጠራውን አሠራር ለሕዝብ ይገልጻል። ከእነዚህ ክርክሮች ጎልቶ የሚታወቀው የካሊፎርኒያው የሕክምና መሣሪያ አምራች ማሲሞ ከአፕል ጋር ከ2020 ጀምሮ የገጠመው ሙግት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሂደቱ በቅርብ ሲመረመር ውጤቱን የወሰነው ሐሳቡ ቀድሞ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይሆን፣ የፓተንቱ ቃላት እስከ ምን ድረስ ይዘልቃሉ፣ ጉዳዩስ በየትኛው አካል ፊት ቀረበ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መሆናቸው ይታያል።

ለክርክሩ መነሻ የሆነው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ማለትም ያለ መርፌ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ነው። መርሑ በ1970ዎቹ በጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ የተገኘ ሲሆን፣ የተመሠረተውም ለደም ቀይ መልኩን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ብርሃንን በሚውጥበት ሁኔታ ላይ ነው፤ ኦክስጅን የተሸከመው ሄሞግሎቢን ኢንፍራሬድ የተባለውን በዓይን የማይታይ ጨረር ይበልጥ ሲውጥ፣ ኦክስጅን ያልተሸከመው ደግሞ ቀዩን ብርሃን ይበልጥ ይውጣል። መሣሪያው ሁለቱንም ወደ ቆዳ ልኮ ከልብ ምት ጋር ከፍና ዝቅ የሚለውን ክፍል ብቻ ለይቶ ስለሚያነጻጽር፣ በደም ቅዳ ውስጥ ያለውን ደም ከአጥንቱና ከሥጋው መለየት ይችላል። ጣት ላይ ሲሆን ብርሃኑ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የእጅ አንጓ ላይ ግን የሚለካው ወደ ኋላ የሚመለሰው ብርሃን ብቻ በመሆኑ ምልክቱ ደካማ ነው፣ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ይረበሻል። በ1989 የተቋቋመው ማሲሞ ስም ያተረፈው ታማሚው በሚንቀሳቀስበትና የደም ዝውውሩ በሚዳከምበት ጊዜ ጭምር የሚታመን ንባብ የሚሰጥ ዘዴ በማበጀቱ ነው። መርሑ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ፣ ሙግቱ የተነሣው በእንዲህ ዓይነት ማሻሻያዎች ላይ ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች በ2013 ስለ ትብብር ተነጋግረው የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አፕል የማሲሞን ዋና የሕክምና ኃላፊና የእህት ኩባንያውን የቴክኖሎጂ ኃላፊ ቀጠረ። ማሲሞ በጥር 2020 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፓተንቶቼ ተጥሰዋል፣ የንግድ ምስጢሬም ተወስዷል ሲል ክስ መሠረተ፤ አፕል ክሱን አስተባበለ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይም የደም ኦክስጅን የሚለካውን ስድስተኛውን ትውልድ ሰዓቱን አወጣ። የንግድ ምስጢሩ ክስ በ2023 ለዳኞች ጉባኤ ቢቀርብም ጉባኤው በአንድ ድምፅ መወሰን ባለመቻሉ ያለ ውጤት ተበተነ።

ማሲሞ ጉዳዩን በሰኔ 2021 ወደ አሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽንም ወሰደው። ኮሚሽኑ በ1930 የታሪፍ ሕግ መሠረት የሚሠራ አካል ሲሆን፣ የገንዘብ ካሣ የመወሰን ሥልጣን ባይኖረውም ፓተንት የሚጥስ ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ ማገድ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በሰጠው ውሳኔ በፍርድ ቤት የማገጃ ትእዛዝ ማግኘትን ስላከበደው ባለመብቶች ወደዚህ አካል ማዘንበላቸው የሚጠበቅ ነበር፤ የአፕል ሰዓት ደግሞ ውጭ አገር ተገጣጥሞ ስለሚገባ እገዳው በቀጥታ ይነካዋል። ኮሚሽኑ በጥቅምት 2023 እገዳውን ሲወስን ጉዳዩ ለ60 ቀን የፕሬዚዳንት ግምገማ ተላለፈ። በ2013 የኦባማ አስተዳደር ሳምሰንግ በአፕል ላይ ያስወሰነውን ተመሳሳይ እገዳ ሽሮ ነበር፤ በዚህኛው ግን የወቅቱ የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ካትሪን ታይ ጣልቃ አልገቡም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለጥቂት ሳምንታት ሰጥቶት የነበረውን ጊዜያዊ ዕፎይታ ሲያነሣ፣ አፕል ከጥር 18 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጣቸውን አዳዲስ ሰዓቶች መለኪያውን ዘግቶ ማቅረብ ያዘ። ፓተንት በሰጠው አገር ክልል ብቻ የሚጸና መብት በመሆኑ በሌሎች አገሮች የሚሸጡት አልተነኩም፤ በዚያ ወቅት ከአሜሪካ ተገዝቶ ወደ አዲስ አበባ በስጦታ የመጣ ሰዓት ግን እገዳውን ይዞት መጥቷል ማለት ነው።

የፓተንት ሰነድ ልብ የሚባለው የመብቱ ወሰን በቃላት የሚከለልበት ክፍል ነው። ከተከራከሩባቸው ፓተንቶች አንዱ ወሰኑን የከለለው በተጠቃሚው አካል ላይ የሚደረግ፣ ብርሃን አመንጪዎችና አራት ብርሃን ተቀባዮች ያሉት፣ ቆዳ የሚነካው ገጹ ጎበጥ ያለና የኦክስጅኑን መጠን የሚያሰላ ፕሮሰሰር የያዘ መሣሪያ በማለት ነው። ጥሰት የሚባለው ከእነዚህ ነጥቦች እያንዳንዱ ሲሟላ ስለሆነ፣ አፕል በነሐሴ 2025 ብርሃኑን ሰዓቱ እንዲለካ፣ ስሌቱን ግን አብሮት የተጣመረው አይፎን እንዲሠራ አድርጎ መለኪያውን መለሰው። የአሜሪካ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት አዲሱ አሠራር ከእገዳው ውጭ ነው ሲል ማሲሞ መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ፤ ኮሚሽኑም በኅዳር 2025 ጉዳዩን እንደገና ለመመርመር ወሰነ።

ሌሎቹ ችሎቶች የሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። አላይቭኮር የተባለው ኩባንያ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ቴክኖሎጂ ላይ በ2022 መጨረሻ በኮሚሽኑ ፊት አፕልን ቢረታም፣ በዚያው ወር የፓተንት መሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ቦርድ ፓተንቶቹን ውድቅ ስላደረጋቸው ድሉ ፍሬ አላፈራም። በጥቅምት 2024 የደላዌር ዳኞች ጉባኤ የማሲሞ የቀድሞ ሰዓቶች የአፕልን የንድፍ ፓተንቶች እንደጣሱ ቢወስንም፣ ለአፕል የፈረደለት ካሣ 250 ዶላር ብቻ ነበር፤ በኅዳር 2025 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጉባኤ ዘመኑ ባለፈ ሌላ ፓተንት ምክንያት አፕል ለማሲሞ 634 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ፤ አፕልም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ።

የማሲሞ ወገን ለዓመታት የተደከመበት ምርምር ገንዘብና ጉልበት ባለው ኩባንያ እንዳይወሰድ ጥበቃ ያስፈልገዋል ይላል፤ አፕል በበኩሉ ኮሚሽኑ ፊት የተረታባቸው ፓተንቶች በ2008 በቀረበ ሰነድ ላይ ቢመሠረቱም ማመልከቻቸው የገባው ሰዓቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ መሆኑን በመጥቀስ ወሰናቸው በምርቱ ልክ ተሰፍቷል ሲል ይከራከራል። ሕጉ ፓተንት እንዲከበር የሚያስገድደውን ያህል፣ በወሰኑ ዙሪያ ሌላ መንገድ መፈለግንም አይከለክልም። ስለዚህ አንድን ስሌት ከእጅ ወደ ኪስ ማዛወር የተፈቀደ ብልኃት ነው ወይስ እገዳን በጎን ማምለጥ የሚለው ጥያቄ፣ ለጤና ቀለበትና ለሌሎች በሰውነት ላይ ለሚደረጉ መሣሪያዎች አምራቾችም ድንበር የሚያሰምር ይሆናል።